ያልጠየቅሁት ውሃ

ጤና መኮንን ነኝ። በደባርቅ ገበያ መካከል "ዶክተር!" ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ እንዳልሰማ አልፋለሁ። ደግሞ ሲጠራኝ ዞር ብዬ፣ "ዶክተር አይደለሁም፣ ጤና መኮንን ነኝ" እላለሁ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ፣ "መኮንን ከሆንሽማ ሽጉጥሽ የታለ?" ብላ ገበያውን ሁሉ አስቃብኛለች። ባልደረቦቼ ይህን ጠባዬን አይወዱትም። "ሰው አክብሮ ሲጠራሽ ዝም ብለሽ አቤት በይ" ይሉኛል። አይሆንልኝም።

ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ተነሥቼ ዳባት አክስቴ ዘንድ መጥቼ አንደኛ ክፍል ልመዘገብ ስሄድ፣ መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ "በቃ ጨርሰሻል፣ ልጅሽን አስገቢና ሂጂ" አለኝ። ተማሪዋ እኔ ነኝ ማለት አፍሬ ቆሜ ቀረሁ። ነገሩ ሲገባው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወተት ጥርሳቸው ገና እየወለቀ የነበረው ጓደኞቼ "እትዬ" ይሉኝ ጀመር። እርሳስ ሲጠፋባቸውም፣ አፍንጫቸው ሲደማም ወደ እኔ ነበር የሚመጡት።

ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈን ነገር አብዝቶ ያምናል። ነርስ ሆኜ ስቀጠርም፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ጎንደር ሄጄ ጤና መኮንንነት ስማርም፣ ትርፍ ጊዜዬን ያሳለፍሁት ከመጽሐፍ ጋር ነው። በታካሚ ካርድ ላይ የምጽፋት እያንዳንዷ ቃል ልክ ካልሆነች ዕረፍት የለኝም። "ሆዱን ያመዋል" ብሎ የጻፈ ተለማማጅ፣ የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ? ምን ሲያደርግ ይብስበታል? ሳልለው አያልፈኝም።

ጤና መኮንን ምን እንደሚሠራ የማያውቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሐኪም በማይበረክትበት አገር ሐኪም የሚሠራውን አብዛኛውን ሥራ የምንሠራ ሰዎች ነን። እንመረምራለን፣ እናክማለን፣ እናዋልዳለን፤ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ወረቀት ጽፈን ወደ ጎንደር እንልካለን። አንድ ቦታ ረግተን አንቀመጥም። ሕፃናት ክፍል ሳለሁ የከሱ ልጆችን ክንድ በባለ ቀለም ጥብጣብ ስለካ ነው የዋልሁት። ማዋለጃ ክፍል ሳለሁ ምጥ የጠናባት ሴት ባሏን እስከ ሰባት ቤቱ ስትረግመው፣ ባልየው በር ላይ ቆሞ፣ "እሷ እኮ ጨዋ ናት ዶክተር፣ ምጡ ነው" እያለ ሲያስተባብል ሰምቻለሁ። የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙበት ክፍል፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሰንሰለት ጠባሳ ያለበት ሰው ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን ወስዶ፣ በራሱ እግር መጥቶ፣ "በሬ ገዛሁ፣ መርቂልኝ" ብሎኛል። ድንገተኛ ክፍል ደግሞ አለ። እዚያ ሳለሁ ከጸበል ዘግይተው የሚመጡትን ሰዎች እቆጣ ነበር። "ለምን እስከዚህ ቆያችሁ? ለምን መጀመሪያ ወደ እኛ አላመጣችሁትም?" እል ነበር። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ይሰሙኛል፤ በኋላ የሚመጡት ደግሞ ከየት እንደመጡ ሲጠየቁ "ከቤት" ማለት ለመዱ።

ይህ የምጽፈው ነገር የሆነበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ከዳባት ጀምሮ እስከ ተራሮቹ ሥር ድረስ በብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ የቤቱ ስም መነሣት የለበትም። ትንሽ ሆስፒታል ነበር። ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሰው እንደኔው ጤና መኮንን ሆኖ ቆይቶ፣ በኋላ የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ተጨማሪ ትምህርት የተማረ ነው። የሩቅ አገር የከተማ ልጅ ነው፤ ተራራ አይወድም፤ ብርዳችንን በየቀኑ ይሳደባል። እጁ ግን የተባረከ ነበር። ጉብኝት የመጣ አንድ ሐኪም እኛን "ግማሽ ዶክተሮች" ሲለን፣ "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ ሆድ ብቻ ነው የምከፍተው፣ ሌላውን ግማሽ እርስዎ ይጨርሱልኛል" ብሎት ሐኪሙ ራሱ ስቋል።

እኔን "የኔታ" ነበር የሚለኝ። ቃል ስለማርም ነው። ወደ ቀዶ ጥገና የሚገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ በኔ በኩል ያልፍ ነበር፤ በራሴ እጅ መስመር አስምሬ ያዘጋጀሁት አንድ ገጽ ወረቀት ነበረኝ። የማይስማማው መድኃኒት፣ የቆየ በሽታ፣ መጨረሻ የበላበትና የጠጣበት ሰዓት፣ ሁሉም አለበት። ሰው በሙሉ ማደንዘዣ ሲተኛ በሆዱ ያለው ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ የመጨረሻዋ ጥያቄ የነፍስ ጥያቄ ናት። እሱ ወረቀቱን ለእንግዳ ሁሉ ያሳያል። "የየኔታ ወረቀት ካለ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እቆርጣለሁ" ይላል።

ልጅቷ የመጣችው በጠዋት ነው። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ስምንት ወንዶች ከቆላው እየተፈራረቁ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አውጥተዋት፣ ከዚያ በአይሱዙ ጭነዋት ነው የደረሰችው። የቀዶ ጥገናው መኮንን ሆዷን ነካ ነካ አደረገና፣ "ትርፍ አንጀት ነው። ሳይፈነዳ እንድረስባት" አለ። ወንዶቹ ዱላቸውን እንደያዙ ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

እናትየው አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበሩ። እግራቸው ሥር አንድ ትልቅ ባዶ የላስቲክ ጠርሙስ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አየሁት። ማየቴን እንደ ዛሬ አስታውሳለሁ፤ ነጠላው ጫፉ ላይ ርሶ ነበር።

"እናቴ፣ ልጅዎ የማይስማማት መድኃኒት አለ?"

"መድኃኒት መች ቀምሳ ታውቃለች፣ ልጄ።"

"ከዚህ በፊት ታማ ታውቃለች?"

"ከወለድኋት ጀምሮ ከጉንፋን በቀር ምን አይታ።"

"ዛሬ ምን በላች?"

"ኧረ ምን በልታ! ሦስት ቀኗ እኮ ነው።"

"ሻይስ? ወተትስ? ጠላስ ቢሆን?"

"ምንም። ምንም አልቀመሰችም።"

ወደ ልጅቷ ዞርሁ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። እሷም፣ "ምንም" አለችኝ። ከዚያ በሕመሙ መካከል ፈገግ ብላ በዓይኗ ወደ ባሕር ዛፉ አመለከተች። "ከስምንቱ አንዱ እጮኛዬ ነው። መንገዱን ሙሉ ምን በልተሽ ነው እንዲህ የከበድሽ ሲለኝ መጣ።"

"የቱ ነው?"

"አልነግርሽም። ትስቂበታለሽ።"

ሳቅሁ። "ከሦስት ቀን ወዲህ ምግብም መጠጥም አልወሰደችም" ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩ አሰመርሁበት። እናትየው ስጽፍ እጄን በአክብሮት ይመለከቱ ነበር።

ልጅቷን ወደ ውስጥ ስንወስዳት፣ "ያመኛል?" አለችኝ።

"ትተኛለሽ። ስትነቂ አልቋል።"

"ሳልነቃ ብቀርስ?"

"እኔ እቀሰቅስሻለሁ" አልኋት።

ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ አልያዘላትም። ስለዚህ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጣት። እንቅልፉ እንደወሰዳት ውሃው መጣ። በአፏ፣ በአፍንጫዋ፣ ማቆሚያ የለውም። ማደንዘዣ የሰጠው ባለሙያ እየጮኸ በመምጠጫው ይቀዳል፤ የቀዶ ጥገናው መኮንን ጭንቅላቷን ወደ ጎን ይዞ፣ "ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? የኔታ፣ ምንም አልወሰደችም አላልሽም?" ይላል። ውሃው ከጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ ነጭ ጫማዬ ላይ ደረሰ። ግራጫ ነበር፤ ከሥሩ ደቃቅ አመድ የሚመስል ነገር ይረጋል።

በዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ቀለም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ልጅ ሳለሁ አንገቴ ላይ እብጠት ወጥቶብኝ እናቴ ሰባት ቀን ጸበል ወስዳኛለች። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ ጆግ ሙሉ አጠጥታኝ፣ ትንሽ አስተንፍሳ ትደግመኛለች። "የምትችይውን ጠጪ፤ ከዚያ ደግሞ የማትችይውን" ትለኝ ነበር። ከውሃው ጋር ከቤተ ክርስቲያን የሚወሰደው አመድ፣ እመት የምንለው፣ ይበጠበጣል፤ የጆጉ ሥር ላይ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። በኛ አገር ጸበልን ከምግብና ከመጠጥ የሚቆጥረው ሰው የለም። ጾም አያስገድፍም። የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ከተጠጣም በኋላ ሆድ ባዶ ነው የሚባለው። እናትየው አልዋሹኝም። ልጅቷም አልዋሸችኝም። ማን ሊዋሽ? ሻይ፣ ወተት፣ ጠላ ብዬ ዘርዝሬ ስጠይቅ በሕይወቴ መጀመሪያ በሽታን የተከላከልሁበትን ውሃ ረሳሁት። በአሥራ አራት ዓመቴ ፊደል ልቆጥር ስሄድ ትቼው የሄድሁት ነገር ነበር።

ትርፍ አንጀቱ በደህና ወጣ፤ የቀዶ ጥገናው መኮንን እጅ ንጹሕ ነበር። ሳንባዋ ግን ውሃውን ጠጥቷል። ሁለት ቀን ኦክስጅን ላይ ሆና ቆየች። አጠገቧ ስቀመጥ ጣቶቿን እየነካሁ፣ "ተነሺ እንጂ፣ አልቋል" እላት ነበር። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሳትነቃ ዐረፈች።

ስምንቱ ወንዶች አልሄዱም ነበር። ያመጧትን ቃሬዛ መልሰው ወደ በሩ አስጠጉት። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ አጥሩን ይዞ ቆመ፤ የቱ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እናትየው ግቢው መካከል ቆመው ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሱ ነበር። ለቅሷቸው ውስጥ አንድ ነገር ደጋግመው ይላሉ። "በእጄ አጠጥቼሽ፣ በረከቱን ይዘሽ፣ ጉሮሮሽን አርሼልሽ! የኔ ልጅ ባዶዋን አልሄደችም!" ወንዶቹ፣ "እውነት ነው፣ እውነት ነው፣ ባዶዋን አልሄደችም" ይሉላቸዋል። ከሁሉ ያጽናናቸው ይህ ነበር። ጠርሙሱን በነጠላው ጠቅልለው በብብታቸው ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ተዘጋ። ከላይ አጣሪ ቡድን እስኪመጣ ድረስ ማንም እንዳይቆረጥ፣ ሁሉም ወደ ጎንደር እንዲላክ ተባለ። ከተማው ደግሞ ወሬውን በራሱ መንገድ ጨረሰው። የተሳፈርሁበት ባጃጅ ነጂ ማን እንደሆንሁ ሳያውቅ፣ "ዶክተር ሳይሆን እኮ ነው የቆረጣት። እንደ በግ!" አለኝ። አንጀቱ የተጠማዘዘበት አንድ ገበሬ ከኛ በር ተመልሶ መኪና ላይ ሲጫን አየሁ፤ ጎንደር በሕይወት ደርሷል የሚል ስልክ እስኪመጣ ድረስ ግቢው በሙሉ አልተነፈሰም።

የቀዶ ጥገናው መኮንን መቀለድ ተወ። በባዶው ክፍል ቁጭ ብሎ የሠራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሰላስላል። "የቱ ጋ ነው የሳትሁት?" ይለኛል። "አንጀቷ ተዘግቶ ነበር እንዴ? ያ ሁሉ ውሃ ከአንጀት የተመለሰ ከሆነ ሳየው ማወቅ ነበረብኝ። እጄ ነው አይደል?"

"እጅህ አይደለም" እለዋለሁ።

"በምን አወቅሽ?"

ተነሥቼ ወደ ካርዶቼ እመለሳለሁ።

ዘጠኝ ቀን ዝም አልሁ። ብናገር የእሱ ሥራ ይተርፋል፤ ክፍሉም ይከፈታል፤ ይህን አውቃለሁ። ግን የምናገረው ነገር ተጽፎ፣ ተነቦ፣ መጨረሻ ላይ እዚያ ቆላ ለተቀመጡ አንዲት እናት ይደርሳል። እኒያን እናት ያቆማቸው ያ ውሃ ነው። ልጅሽን የገደላት በእጅሽ የሰጠሻት በረከት ነው ብሎ የሚነግራቸው ማን ነው? ሌሊት ተኝቼ ነቅቼ፣ ጠዋት ቁርስ ስቆርስ፣ ካርድ ስጽፍ፣ ያ ግራጫ ውሃ ጫማዬ ላይ ሲደርስ ይታየኛል። ጫማውን ሦስት ጊዜ አጠብሁት። ከዚያ ጣልሁት። አዲሱም ላይ ታየኝ።

ቡድኑ ሲመጣ በኛ በኩል እንድናገር ጤና መኮንኖቹ የመረጡት እኔን ነበር። "አንቺ ጽሑፍ ትችያለሽ" አሉኝ። አራት ገጽ አዘጋጀሁ። በማዋለጃው፣ በሕፃናቱ፣ በድንገተኛው፣ በአእምሮ ሕሙማኑ፣ በቀዶ ጥገናው ክፍል የምንሠራውን ሁሉ በየተራ ጻፍሁ፤ እኛ ባንኖር ቃሬዛው የት እንደሚደርስም ጻፍሁ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። እውነቱ ብቻ አልነበረበትም።

የቡድኑ መሪ ሸምገል ያለ፣ መንገድ ያደከመው፣ ትሑት ሐኪም ነበር። ሊያዋርደን የመጣ ሰው አልመሰለኝም። "ጥያቄው ቀላል ነው" አለ። "ይህ ሥራ በእናንተ ደረጃ መሠራት ነበረበት ወይ? ከልቤ ነው የምጠይቃችሁ።"

የቀዶ ጥገናው መኮንን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እያያቸው፣ "እኔ ራሴ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም" አለ። "ምናልባት ለኔ የሚገባ ሥራ አልነበረም። ከተፈለገ ፈቃዴን..."

"ቆይ" አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሁሉም ዞሩ። አራቱን ገጽ ገልብጬ አስቀመጥሁ። "ውሃው ጸበል ነው" አልሁ። "ልትቆረጥ ከመግባቷ በፊት፣ እዚህ አግዳሚ ላይ፣ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ጸበል ጠጥታለች። የጠየቅኋት እኔ ነኝ። ጸበል ብዬ አልጠየቅሁም። እሱ የኔን ጽሑፍ አምኖ ነው የገባው።"

የመሪው እስክሪብቶ ቆመ። "ጸበል መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"በቀለሙ። እመት አለበት። ልጅ ሳለሁ እኔም ጠጥቼዋለሁ።"

መሪው፣ "እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር" አለ። ሊያጽናናኝ ነው።

"እርስዎ ባይጠይቁ አይደንቅም" አልሁት። "እኔ እዚያው ውሃ ላይ ነው ያደግሁት።"

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛውን አላስታውስም። አራቱን ገጽ አንብቢልን ብለውኝ እንዳነበብሁ አስታውሳለሁ። የሆነው ሆኖ ክፍሉ ከሳምንታት በኋላ ተከፈተ። የሞቱ ምክንያት በሪፖርቱ ላይ እንደተናገርሁት ተጻፈ። የቀዶ ጥገናው መኮንን ያን የተናገርሁ ዕለት በር ላይ ጠብቆኝ፣ "ዘጠኝ ቀን?" አለኝ።

"ዘጠኝ ቀን።"

"ዘጠኝ ቀን እጄን እንደ ወንጀለኛ ሳየው ነው የከረምሁት። አንድ ቃል እኮ ነበር።"

የእናትየውን ነገር ነገርሁት። ሰማኝ፤ አልፈረደብኝም፤ "የኔታ" ግን ከዚያ ወዲያ ብሎኝ አያውቅም። በሙሉ ማዕረጌ ይጠራኝ ጀመር።

ለቤተሰብ ውጤቱ መነገር አለበት ሲባል እኔ ልንገር አልሁ። ሳስብበት ከረምሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን አስተካከልሁ። ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራሴ ወስጄ፣ ውሃውን ሳልጠራ እንዴት እንደምናገር ቃል በቃል አጠናሁት። እናትየው ከአርባዋ በኋላ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ጸጉራቸው ተላጭቷል። ያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

"እናቴ" አልኋቸው፣ "ልጅዎ የሞተችው በኔ ጥፋት ነው። ከመተኛቷ በፊት መጠየቅ የሚገባኝን ነገር ሳልጠይቅዎ ቀረሁ።"

"ምኑን?" አሉኝ።

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ያን ሁሉ ቀን ሳጠና፣ አንድ ሰው "ምኑን?" ይለኛል ብዬ አላሰብሁም። እናትየው ፊቴን ያዩ ነበር፤ ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ እግራቸው ሥር ወረደ። ያን ጊዜ ጠርሙሱ የነበረበት ቦታ ባዶ ነበር።

"ጸበሉን?" አሉ።

ዝምታዬ መልስ መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልሁ።

ሰው በፊታችን ያልፋል፤ አንድ ሰው የደም ምርመራ ክፍል የት እንደሆነ ጠይቆኝ በእጄ አመለከትሁት። ከዚያ እናትየው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ "እዚህ ያሉት ሁሉ ጸበል ስንል ይቆጡናል" አሉ። "አንቺ ግን አነጋገርሽ የገጠር ልጅ ነው። አንቺን አልፈራሁሽም ነበር። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ጽፈሽዋል?"

"ተጽፏል።"

"ማን ያነበዋል?"

"አለቆች። ሌላ ማንም።"

"አባቷ ፊደል አያውቅም" አሉ። ለኔ መሆኑ አልመሰለኝም፤ ለራሳቸው ነው። ተነሡ። እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ደንግጬ ከለከልኋቸው፤ እኔም ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። እንዲህ ተያይዘን ጎንበስ እንዳልን ትንሽ ቆየን፤ ከዚያ ሄዱ።

አሁን የምሠራው ዳባት ነው። ወረቀቱ ላይ "ጸበል" የምትል መስመር ተጨምራለች፤ እኔም እጠይቃለሁ። ሰዎች መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስጠይቅ ይነግሩኛል። የሚነግሩኝን ሁሉ እጽፋለሁ። አንድም ቀን አልተቆጣሁም።

ባለፈው ወር አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን እየያዙ ገቡ። ዘመድ ጥየቃ ነው ዳባት የመጡት። ገና ሳይቀመጡ አወቁኝ። "አንቺ ነሽ! ለልጄ ደክመሽላት ነበር፤ እግዜር ይስጥሽ" ብለው ቆባቸውን አወለቁ። የልጅቷ አባት ነበሩ። በዚያ ጊዜ ከቃሬዛው ጋር እሳቸው አልመጡም፤ ያዩኝ ኋላ፣ ሬሳ ሲወጣ ነው።

ጉልበታቸውን መረመርሁ። ከመቼ ጀምሮ፣ የቱ ጋ፣ ዳገት ሲወጡ ነው ወይስ ሲወርዱ ብዬ ጠየቅሁ። የማይስማማዎ መድኃኒት አለ? አልሁ። ጸበልስ ይወስዳሉ? አልሁ።

"እኔማ እወስዳለሁ" አሉ። "የሚገርመኝ እሷ ናት፣ ሚስቴ። ድሮ ከኛ ቤት ጸበል ተለይቶ አያውቅም። ልጅቷ ካረፈች ወዲህ በዚያ በኩል አታልፍም። ውሃ እንኳ ስትቀዳ ከሩቁ ወንዝ ነው፤ ለታመመ ሰው በእጇ አንድ ነገር አታቀብልም። የንስሐ አባታችን ቢመክሯት አትሰማ፤ ባለቅስባት አትሰማ። ምን እንደነካት አትነግረኝም።" ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩኝ። "አንቺ ሴት ነሽ፣ የተማርሽም ነሽ። አነጋግራሽ አልነበር? ምን ሆነች ትያለሽ?"

ክኒኑን በትንሽ ወረቀት ጠቀለልሁላቸው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ምግብ ከበሉ በኋላ አልኋቸው። ቀና ብለው መልሴን ይጠብቃሉ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ብዬ ደገምሁላቸው።